ስምንተኛው ቀዳዳ

ዓርብ፤ 36 ቀን ቀረ

ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ደብተር ይዤ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የዕለት ሥራዬን እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ ሥራ መጣ፤ ደብተሩም አብሮት መጣ። ሥራው የባለቤቴ ተጎታች ቤት ናት። ከጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ኋላ፣ ሸራ ለብሳ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ሁለት ጎማ ያላት፣ መኪና ኋላ ታስራ የምትሄድ አንድ ክፍል ቤት ናት። አክስቷ ናቸው ያወረሷት።

ቁርስ ላይ ነገሩን ዱብ አደረገችው። "ሙቀቱ ሳያልፍ ሐይቅ ዳር አሥር ቀን። ልጄን ጠይቄው እሺ ብሏል።"

"ብቻውን?" አልኩ።

"ከነሚስቱ፣ ከነልጁ።"

ለማንም የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው። ከሰባት ዓመት በፊት ያቺ ሴት እኔ በሕይወት እያለሁ ጣሪያዬ ሥር አትገባም ብዬ ምያለሁ። እዚሁ ሳሎን ቆሜ፣ ጮክ ብዬ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጄም "እሷ ካልገባችበት እኔም አልገባበትም" ብሎ ወጣ። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው ይላሉ፤ የማውቃት በፎቶ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አስባ ጨርሳለች። "ተጎታቿ የአክስቴ ናት። ጣሪያው ያንተ አይደለም። መሐላህን ማንም አይነካብህም" አለችኝ። ጠበቃ ብትሆን ኖሮ ያልፍልን ነበር።

እሺ ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው። የምጽፈው ነገ ነገሩ እንዳይዞርብኝ ነው።

እሑድ፤ 34

ከፈትኳት። ሽታ። አይጥ። ከቁም ሳጥኑ ሥር የተቦጫጨቀ ፍራሽ። የመስኮቱ ጎማ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ኮምፔንሳቶው ሦስት ቦታ አብጧል። ጎማዎቹ አይሆኑም። ወለሉ ላይ ቁጭ ስል ነፋስ ከሥር በሱሪዬ ገባ።

ይህችን የሠራ ሰው ቤት ሳይሆን ወንፊት ነው የሠራው። ለእኔ የተቀመጠ ሥራ ነው።

ማክሰኞ፤ 32

የባለቤቴ ወንድም መጣ። በልቤ "ምንችግር" ነው የምለው፤ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን "ምን ችግር አለው" ይላል። መጎተቻው የእሱ ፒክአፕ ነው። የእኔ መኪና እኔንም እየለመንኳት ነው የምትሸከመኝ።

"ጎማው ሞቷል" አልኩት።

"ምን ችግር አለው፣ ይቀየራላ።"

"ወለሉ በስብሷል።"

"ምን ችግር አለው፣ አንተ እያለህ!"

ከዚያ እየዞረ ሲያያት ቆየና "ወደ ኋላ ስትነዳ ግን መሪው የሚዞረው ወዴት ነው? በተቃራኒው ነው አይደል?" አለኝ።

"አንተን ምን አገባህ? ነጂው እኔ።"

ሳል ያዘው። ሲያስል ሲያስል ባለቤቴ ውኃ ይዛ ወጣች። የዚህ ሰው ሳንባ ደህና አይደለም፤ ይታይ ብያቸዋለሁ።

ረቡዕ፤ 31

የበሰበሰውን ወለል ነቅዬ በአዲስ ቀየርኩ። እጄ አልረሳም። እጄ ሲሠራ ደግሞ ሆዴ ያስታውሳል፤ ይህ ነው ችግሩ።

ሥራዬ የማቀዝቀዣ መኪና ሣጥን ማሸግ ነበር። ሥጋ፣ ዓሣ፣ መድኃኒት የሚጭኑትን። ሣጥኑ አየር ካሳለፈ ቅዝቃዜው ያመልጣል፤ እኔ የነካሁት ሣጥን ትንፋሽ አያሳልፍም ነበር። ወጣቶቹ "አቶ ድፍን" ይሉኝ ነበር። የሚስቁት ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ለሙያዬ የተሰጠ ክብር አድርጌ ነው የወሰድኩት።

ከዚያ እሷ መጣች። የጥራት ተቆጣጣሪ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ ካርቶን አንጥፋ ሣጥን ሥር በጀርባዋ የምትተኛ። አንዱ ሣጥን ውኃ አቁሮ አንድ ሙሉ ጭነት ሥጋ ሸተተ። ሪፖርቱን እሷ ጻፈች። "ሠራተኛው መደፈን የሌለበትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ደፍኗል።" አንድ መስመር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አበባ ሰጥተው ሸኙኝ። አበባ የያዘ ሰው እንደተባረረ አይቆጠርም መሰላቸው።

ከፋብሪካው በተሰጠኝ የሣጥኑ ሥዕል ላይ ቀዳዳ አልነበረም። ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ልጄ ምሳዬን ሊያደርስልኝ ሲመላለስ አይቷት ኖሯል። አበባው ሳይደርቅ "ላገባት ነው" አለኝ። ከስንት ሴት መርጦ።

ቅዳሜ፤ 28

ሙሉ ቀን በሆዴ እየተሳብኩ ዋልኩ። አሥራ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ጨረስኩ። ምድጃው ሥር ወንፊት የተገጠመባቸው ክብ ክብ ቀዳዶች አሉ። የጋዝ ሲሊንደሩ ቁም ሳጥን ሥርም አሉ። ማሞቂያው ጋም አለ። አይጥ በበር ይግባ ብለው ነው የሠሩት! እየተሳብኩ ያገኘሁትን ሁሉ ደፈንኩ፤ ላዩን በቆርቆሮ ልጥፍ አድርጌ በብሎን መታሁት። መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

ማታ በሯን ስዘጋ ጆሮዬን ጭው አደረገኝ። እንደ ድሮው። ሰባት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ፤ 23

አልጋ። ትልቁ አልጋ ለሁለት ይበቃል፤ ጠረጴዛው ሲታጠፍ ሌላ የሁለት ሰው ይሆናል። ለልጅቷ ቦታ የለም። ማሞቂያው አጠገብ ካለው ጥግ፣ ቧንቧው ከሚያልፍበት በላይ፣ ሣጥን መሳይ አልጋ ልሠራላት ወሰንኩ። ከሥሩ ድፍን፣ ከላይ ስፖንጅ።

ግን ምን ታህላለች?

"ልጅቷ አሁን ምን ታህላለች?" አልኳት ባለቤቴን፣ ነገሩ የመጣልኝ እንዲሁ በወሬ መሐል አስመስዬ።

"ደውለህ ጠይቃታ።"

አልደወልኩም። ስልኩን ተቆጣጣሪዋ ብታነሳውስ? ምን ልላት ነው?

ፎቶውን ከፍሪጁ በር ላይ አንስቼ በማስመሪያ ለካሁት። በር አጠገብ ቆማ ትስቃለች፤ አናቷ ከእጀታው ትንሽ ከፍ ይላል። የበር እጀታ አንድ ሜትር ነው፤ ይህን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሜትር ከአሥር። መገላበጫ ጨምሬ አንድ ሃያ አምስት አደረግኩት። ጠርዙን ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ እንዳይወጋት። ለማንም ልጅ የማደርገው ነው።

ዓርብ፤ 22

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ለጉዞው ብላ የማይሰበር ኩባያ ገዝታለች። አራት። ሳህን አራት። ፎጣ አራት።

"አምስተኛው የታለ?" አልኳት።

"ያልቅብኛል ብዬ ነው። ካነሰ ከቤት እንወስዳለን።"

ምኑ ነው የሚያልቀው? የእነሱ ዘር እንዲህ ነው፤ አክስቷም ስኳር ሲያቀርቡ ቆጥረው ነበር። የኔን አሮጌ ኩባያ እወስዳለሁ። እጀታው የተሸረፈውን።

ሰኞ፤ 19

ጎማ ተቀየረ። ኩሽኔታ ወጣ፣ ታጠበ፣ ግራሶ ተሞላ። ወገቤ። የኋላ መብራት አንዱ ይበራል፣ አንዱ ሲያሻው ነው።

ምንችግር ሰፈር ውስጥ አስሯት ወደ ኋላ መንዳት ይለማመዳል። የጎረቤት የቆሻሻ ገንዳ ገጨ። "ምን ችግር አለው፣ ፕላስቲክ ነው" አለ። ለምን እንደሚለማመድ ብጠይቀው "ድንገት ቢያምህ" አለኝ። ምን ያመኛል? የሚያስለው እሱ።

ረቡዕ፤ 17

ሰው በራሱ ቤት በር ኋላ ቆሞ ማድመጥ አያምርበትም። ካቻቢቴ ፍለጋ ገብቼ ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ታወራለች።

"አልነገርኩትም… አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አውቃለሁ… እነግረዋለሁ አልኩህ እኮ… አይ፣ መጀመሪያ ሥራውን ይጨርስ።"

ከዚያ "አንተም እኮ የእሱ ልጅ ነህ፤ ድርቅናህ ከየት መጣ?" አለች፤ ግን እየሳቀች አልነበረም።

ስለ ጉልበቴ ነው። ሐኪም ዘንድ ሊወስዱኝ ከልጄ ጋር እየመከሩ ነው። አልሄድም ብያለሁ፤ አልሄድም። ካቻቢቴውን ሳልይዝ ወጣሁ።

ቅዳሜ፤ 14

ዝናብ! እንደ እብድ ዘነበ። ውስጧ ገብቼ በሯን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ይደበደባል፣ ግድግዳው ይደበደባል፤ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለች። በመዳፌ ጥግ ጥጉን ዳሰስኩ። ደረቅ። ወለሉም ደረቅ።

ተቆጣጣሪዋ ባትሪዋን ይዛ ትምጣና ትይልኝ። የምትጽፈው ካገኘች ትጻፍ።

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። "ጥሩ ነው" አለች። ትንሿን አልጋ ስታይ ግን ተቀመጠችበት፤ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ዓይኗ ውኃ ሞላ። "ምነው?" ብላት "አቧራ ነው" አለች። አቧራ የለም፤ ጠርጌያለሁ። ሴት ልጅ ስታረጅ ዓይኗ ይላላል።

ማክሰኞ፤ 11

የጋዝ ባለሙያው መጣ። ሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር ያለ እሱ ፊርማ ተጎታች አያስገባም። ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ምድጃውን አየ፣ ቱቦውን በአረፋ ፈተሸ፣ "ጎበዝ" አለ። ከዚያ ተንበረከከ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

"አባት፣ ይሄንን የደፈነው ማነው?"

ምላሴ ቀደመኝ። "የድሮዋ ባለቤት። ሟች አክስታችን" አልኩ።

"ነፍሳቸውን ይማር፤ የሌላውን ነፍስ ሊወስዱ ነበር። ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያመልጥ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው፤ በእነዚህ ቀዳዶች ወርዶ ከመኪናው ሥር ይበተናል። ቀዳዶቹ ከተዘጉ እንደ ውኃ ይሞላል። ደግሞ ምድጃ ለኩሰው መስኮት ዘግተው ቢተኙ፣ አየሩ ያልቅና ማንም ሳይነቃ ያድራል። እነዚህ ቀዳዶች እኮ የቤቱ አፍንጫ ናቸው።"

ሲሊኮኑን በጥፍሩ ጫረው። "አዲስ ይመስላል" አለ።

ቅጹን ሲሞላ፣ "ባለቤትዎ በስልክ አራት ሰው ነው የሚያድርባት ብለውኛል፤ ልክ ነው?"

"አምስት።"

"አራት ነው ያሉኝ። አንድ አያት፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ልጅ።"

"ተሳስታ ነው" አልኩት። አራት ብሎ ጻፈ። ሳይፈርም ሄደ፤ ቀዳዶቹ ሲከፈቱ ጥሩኝ አለ።

አንድ አያት።

ሐሙስ፤ 9

ሁለት ቀን ቆጠርኩ። ኩባያ፣ ሳህን፣ ፎጣ፣ ምንችግር፣ ሳሉ፣ ስልኩ። ልጅ እንኳ ይደምረው ነበር።

ምሳ ላይ "ስንት ነን?" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አራት ነን። ወንድሜ አድርሶን ይመለሳል።"

"እኔስ?"

"የልጅህ ቃል ነው። አንተ ካለህ አልመጣም አለ። ሚስቴን ባንድ ጣሪያ ሥር አላስገባም ያለን ሰው ሚስቴ ባለችበት ጣሪያ ሥር አላስተኛም አለ። ምን ልበለው? ምላሱ ያንተ ነው።"

"እና እኔ ለማን ነው የምሠራው? ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ!"

"ለልጅ ልጅህ።"

"ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ ብነግርህ አንዲት ብሎን ትፈታ ነበር?" አለችኝ፣ በእርጋታ። "ሰባት ዓመት ጠበቅኩህ። አንድ ቀን ይለዝባል ብዬ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልጅቷን አቅፌ አድሬ አላውቅም። አሥር ቀን ነው የጠየቅኩት።"

አታለልሽኝ አልኳት። ከዚህም የባሰ አልኳት። እሷ ግን "ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" ብላ ሳህኖቹን አነሳች።

ዓርብ፤ 8

ተጎታቿን አልነካትም። ትበስብስ።

ቀዳዶቹ ካልተከፈቱ ፊርማ የለም። ፊርማ ከሌለ ጉዞ የለም። ባለቤቴ ስለ ቀዳዳ የምታውቀው ነገር የለም። ሌላ ሰው እስኪገኝ ሙቀቱ ያልፋል። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ይኼ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ባለቤቴ ሻንጣ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። እየዘፈነች ነው። ስትዘፍን ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

እሑድ፤ 6

ይህን ለማን እንደምነግረው ስለማላውቅ እዚህ ይቀመጥ።

ባለቤቴ ወደ ወንድሟ ቤት ስትሄድ ተጎታቿ ውስጥ ገባሁ። ባለሙያው ፈርቶ ነው ያጋነነው፣ ላሳየው ብዬ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጀበና የምታህል አሮጌ ማንቆርቆሪያ ጥጄ ምድጃውን ለኮስኩ። ጋደም ልበል አልኩና ትንሿ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ እግሬ ከጉልበቴ በታች ውጭ ነው።

ውኃው ፈላ። መስኮቱ አላበው። ሰማያዊ የነበረው እሳት ጫፉ ቢጫ ሆነ። ጭንቅላቴን አንድ ነገር ጭምቅ አደረገኝ፤ ግን አላስፈራኝም። ደስ የሚል እንቅልፍ መጣ። አሁን ተነሥቼ አጠፋዋለሁ አልኩ። ደግሜ አሁን አልኩ። እጄ የአልጋውን ጠርዝ ይዟል፤ ሦስት ጊዜ የፈገፈግኩትን። ለማን እንደሠራሁት ያስታወሰኝ እሱ ነው። እዚህ የምትተኛዋ እሷ ናት። እሷ ብትሆን "አሁን" እንኳ አትልም።

በሩን በትከሻዬ ከፍቼ ልብስ ማስጫው ሥር ወድቄ አስመለሰኝ።

የዚያ ሣጥን ሥዕል ላይ ቀዳዳው ነበረ። ይኸው ጻፍኩት። በቀይ ክብ ተከቦ፣ "ክፍት ይሁን" የሚል ጽሑፍ አጠገቡ። አይቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው? ብዬ ነው የደፈንኩት። ሥጋው ሸተተ። ተቆጣጣሪዋ ያየችውን ጻፈች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

ሰባት ዓመት።

ማክሰኞ፤ 4

ከፈትኩ። ቆርቆሮውን ነቀልኩ፣ ሲሊኮኑን በቢላዋ አወጣሁ፣ አዲስ ወንፊት አደረግኩ። ምድጃው ሥር አራት፣ ሲሊንደሩ ጋ ሦስት። ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ሦስት ቤት ይጠብቀዋል። ከውስጥ ብቻ አይቶ የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ፈረመ። "አክስትዎ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል" አለኝና ሳቀ። አውቋል።

ሐሙስ፤ 2

ባለቤቴ ትተኩሳለች። እኔ መብራቱን አስተካከልኩ። አንነጋገርም፤ ግን ሻይ አስቀምጣልኛለች። ይቅርታ ልላት ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለት ጊዜ "ብሎን አይተሻል?" ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፤ 1

ስለ ቀዳዶቹ ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ። ሐይቅ ዳር ሲበርድ ጨርቅ የሚወትፍባቸው አይጠፋም። ባለቤቴ "እሺ እሺ" ትላለች፤ ልቧ ሐይቁ ጋ ነው። ምንችግር ምን እንደሚል አውቃለሁ። ልጄ አይሰማኝም፤ አልሰሜን ግባ በለው ነው፣ ከእኔ ነው የወረሰው። ነገሩ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ሄዱ። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። እንደሆነው ልጻፈው።

ጧት ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ልጄ ገባ። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ ማንም አልነገረኝም። ባንክ ቤት እንደሚጨባበጥ ሰው ጨብጦኝ ወደ እናቱ አለፈ። ልጅቷ ሮጣ ተጎታቿ ውስጥ ገባች። ተቆጣጣሪዋ የውጭው በር ላይ ቆማ ቀረች፣ አንድ እግሯ መንገድ ላይ።

ልጅቷ ብቅ አለች። "ጋሼ፣ እግሬ አልገባም!" አለችኝ። ጋሼ። ለሾፌሩም ለዘበኛውም የሚባለውን። ገብቼ አየሁ፤ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። ፎቶው ለካ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳ ነው። ፍሪጁ ላይ ሲለጠፍ ያየሁትን ቀን እንኳ አልቆጠርኩም።

ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አልመጣልኝም። "ከወለሉ ቀዳዶች አሉ። እንዳይዘጉ" አልኳት። ሰባት ዓመት አፌን ዘግቼ የወጣው ይኼ ነው።

"ስንት ናቸው?" አለችኝ።

"ሰባት።"

"ከሥር ልየው?"

"እይው።"

ካርቶን ጠይቃ አነጠፈች፣ ከቦርሳዋ ባትሪ አወጣች፣ በጀርባዋ ገባች። ልክ እንደ ድሮው፤ ጫማዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጫማዋ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

"ከሥር ስምንት ነው" አለች። "አንዱ ጨለማ ነው። ማሞቂያው ጋ፣ ጥጉ ላይ። የጋዝ ቧንቧው ከላዩ ነው የሚያልፈው።"

የልጅቷ አልጋ ሥር። ደፍኜው፣ ላዩ ላይ ሣጥን ሠርቼበት፣ ሳልቆጥር ረስቼው።

አልጋውን ስፈታ ብሎኑን ከእጄ ተቀብላ አንድ በአንድ ኪሷ ከተተችው። ባትሪውን ያዘችልኝ። ሲሊኮኑን ቆርጬ ሳወጣ ብርሃኑ ከሥር ገባ። እሷ እስክትናገር ጠበቅኩ። ሪፖርቱን ታነሳለች አልኩ፤ ብታነሳ እኔም የምለው ነበረኝ። ነበረኝ ብቻ ነው። እሷ "አሁን ጥሩ ነው" አለች። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል።

አልጋውን መልሼ ስገጥም የእግሩን በኩል ከፈትኩት፤ አሁን እግሯ ይገባል። አየር ለሥሩም ይበቃል።

እጇ እስከ ክርኗ ግራሶና ዝገት ነበር። ባለቤቴ ሻንጣ ይዛ የቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች፣ በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው። "እጅሽ ቆሽሿል" አልኳት። "ቤት ግቢና ታጠቢ።"

ባለቤቴ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ልጄ ዞሮ አየኝ።

እሷ በሩን አየችው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ" አለች። "የውጭው ቧንቧ ይበቃኛል።"

ልብስ ማስጫው ጋ ሄዳ ቁጢጥ ብላ ታጠበች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት፤ ግራሶ በውኃ ብቻ አይለቅም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ልጅቷን ፒክአፑ ውስጥ አስገባች። ምንችግር ሞተሩን አስነሣ። ባለቤቴ በመስኮት እጄን ያዘችና "ፍሪጅ ውስጥ የሦስት ቀን ምግብ አለልህ" አለችኝ። የኋላ መብራቱ ሁለቱም በራ። ከመታጠፊያው እስኪያልፉ ቆሜ አየሁ።

ኩባያዬን ታጥባ መደርደሪያው ላይ አገኘኋት፣ እጀታዋ የተሸረፈችዋን።

እንግዲህ መሐላዬ ተጠብቋል። እግሯ ደፌን አልረገጠም። ማንም ሰው ቃሉን አጠፈ ሊለኝ አይችልም።

አሁን ወጥቼ ቧንቧውን አየሁት። ጥቁር ጥቁር የጣት ምልክት አለበት። እዚያ ጋ ሳሙና እንኳ አልነበረም።